የራዋን መስመር

ኩላሊቱን የሚያዩት ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር። ሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ካለው ረጅም መስታወት ፊት ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ቁጥራቸው ሲጠራ ጠጋ ብለው ለአንድ ደቂቃ ያያሉ። ከመስታወቱ ወዲያ በተደረደሩት ብርጭቆዎች ውስጥ፣ ሞቅ ባለ ቀይ ፈሳሽ ላይ የተንሳፈፉ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት የናሆም ነው። በስምንተኛው ሳምንት የሕፃን ጡጫ አክሎ ነበር።

“ትንሽ ወፍሯል፣ አይደል?” አለ ናሆም።

“ባለፈው ሳምንትም እንደዚሁ ብለሃል።” ፌቨን ሳቀች።

“ባለፈው ሳምንትም ወፍሮ ነበራ!”

ናሆም ታምራት ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሐዋሳ ከተማ አውቶቡሶች ስምሪት ኃላፊ ነበር። ባለቤቱ ፌቨን ጌታሁን የሂሳብ መምህርት ናት። የናሆም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። በየካቲት 2061 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ወዳለችው፣ ካሊማራ ወደምትባል አገር የመጡት፣ ከራሱ ሥጋ አዲስ ኩላሊት እስኪበቅልለት ለመጠበቅ ነው። አሥራ አንድ ሳምንት ይፈጃል ተብለዋል። እስከዚያው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደሙ በማሽን ይታጠባል።

በካሊማራ መብራት በሰዓቱ ይጠፋል፣ በሰዓቱ ይመጣል። ጠዋት አራት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ በየክፍሉ ግድግዳ ውስጥ ያለ የሴት ድምፅ “በር አጠገብ አይቁሙ” ይላል። በሮቹ በመብራት ስለሚሠሩ፣ ውስጥ የቀረ ሰው እስከ ስምንት ሰዓት ውስጥ ነው። ናሆም በመጣ በሦስተኛው ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት አራት ሰዓት ሙሉ ባልዲ ላይ ተቀምጦ አሳልፏል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ በተሰማ ቁጥር ሁለቱም እንደ አገሬው ሰው በርጩማቸውን ይዘው ከአሥራ አንደኛ ፎቅ ይወርዳሉ፤ ከእንግዳ ማረፊያው ፊት ለፊት ካሉት ዛፎች ሥር ይቀመጣሉ። ማንም አያማርርም። ሕፃናት እዚያው የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ፀጉር ቆራጩ እዚያው ፀጉር ይቆርጣል።

ሚያዝያ 17 ቀን፣ ሐሙስ፣ መብራቱ የጠፋው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። የግድግዳዋ ሴት ምንም አላለችም፤ የተቆለፉትን በሮች የማረፊያው ዘበኛ በብረት እየፈለቀቀ ከፈተ።

በስምንት ሰዓት አልመጣም። በአሥር ሰዓትም አልመጣም። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በመንገዱ አለፈ። ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ታውጇል፤ አየር ማረፊያው ተዘግቷል፤ መብራት የሚሰጠው በደረጃ ነው። ምክንያቱ አልተነገረም። ማታ ላይ የማረፊያው ዘበኛ በእጁ የጻፈውን ዝርዝር መግቢያው ላይ ለጠፈ። ደረጃ አንድ፣ አገራቸውን በልዩ ሁኔታ ያገለገሉ ዜጎች ይላል። እስከ አምስት ድረስ ሌሎች ዜጎች ናቸው። ስድስተኛው የመጨረሻው ነው፦ “የውጭ አገር ሰዎች፤ ሁኔታዎች ሲፈቅዱ።”

የፌቨን ስልክ ከመዘጋቱ በፊት አንድ መልእክት ገባላት። ላኪው የአገራቸው የዜጎች ድጋፍ ማዕከል ነው፤ ሰው የሌለበት፣ ራሱ የሚጽፍ ማዕከል። “ውድ ዜጋችን፣ ያሉበትን ቦታ አይልቀቁ። ውሃ ያጠራቅሙ። ሰው ከተሰበሰበበት ይራቁ። የአገሩን መመሪያ ያክብሩ። ሰነዶችዎን ከእጅዎ አይለዩ። ከጎንዎ ነን።” ፌቨን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከተጻፈው ውስጥ ስህተት የሆነ ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ዓርብ፣ የናሆም ቀን ስለሆነ፣ በእግራቸው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። በሩ ላይ ወታደሮች ቆመዋል። ዲሊኒ በጎን በር ወጥታ መጣች። ዲሊኒ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንት ሳምንት ሙሉ የናሆምን ክንድ የወጋችው እሷ ናት። ከፌቨን ጋር የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው።

“የውጭ ሰዎች ክፍል ተዘግቷል” አለች። “ትናንት ነው የዘጉት።”

“እስከ መቼ?” አለች ፌቨን።

“ማንም አልነገረንም።”

ናሆም ከኋላ ሆኖ፣ “የምድር ቤቱስ?” አለ።

ዲሊኒ ቀና ብላ አላየችውም። “መጀመሪያ ያጠፉት እሱን ነው።”

“አራት መቶ አሥራ ሁለትም?”

“ሁሉንም፣ አቶ ናሆም።”

ናሆም ራሱን ነቀነቀ። አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ ሲሉት ቢሮው ውስጥ ሆኖ እንደሚነቀንቀው ነበር። ዲሊኒ ለፌቨን ቶሎ ቶሎ ነገረቻት፦ በቀን ከሁለት ሲኒ ውሃ በላይ አይጠጣ፣ ሙዝና ቲማቲም እንዳይቀምስ፣ ወደዚህም አትመለሱ። “እኔ እመጣለሁ” ብላ ገባች።

ትመጣለች ብላ ግን ፌቨን አላመነችም ነበር።

እሑድ ጠዋት ናሆም ተቀምጦ እንጂ ተኝቶ መተንፈስ አልቻለም። ፌቨን ያበጠ እግሩን በጣቷ ስትጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። በሩ ሲንኳኳ ፌቨን ዘበኛው መሰላት። ዲሊኒ ነበረች፤ አሥራ አንዱን ፎቅ በእግሯ ወጥታ ፊቷ በላብ ተነክሯል።

“አባቴ ዛሬ ንጋት ላይ ሞተ” አለች ሳትቀመጥ።

ፌቨን “እግዚአብሔር ያጽናሽ” የሚለውን በእንግሊዝኛ ፈልጋ አጣችው። እጇን ብቻ ያዘችላት።

ዲሊኒ እጇን አልነጠቀችም፤ ግን ንግግሯን ቀጠለች። አባቷ ራዋን የመብራት መሐንዲስ ነበሩ፤ ለግማሹ ካሊማራ መስመር የዘረጉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ደረጃ አንድ ናቸው። ኩላሊታቸው ሲደክም መንግሥት ማሽኑን እቤታቸው ድረስ አስገባላቸው። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም የእሳቸው ቤት ብቻ ይበራል።

“መሞቱን ካስመዘገብኩ መስመሩ ወዲያው ይቆረጣል” አለች። “ባላስመዘግብም ማሽኑ ሦስት ቀን ካልሠራ ራሱ ይቆረጣል። የእናቴ ኢንሱሊን እዚያ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። እሷ ደረጃ አምስት ናት። ማሽኑ ላይ የሚተኛ ሰው እፈልጋለሁ።”

ፌቨን ባሏን አየችው።

“ሌላም አለ” አለች ዲሊኒ። “አባቴ መቀበር አለበት። በዚህ ሙቀት ቤት ውስጥ ነው ያለው። ያለ ሞት ወረቀት መቃብር አይከፈትም።” ዓይኗ የናሆም አንጓ ላይ፣ ሆስፒታሉ ባሰረለት አምባር ላይ አረፈ።

ነገሩ ቀድሞ የገባው ለናሆም ነው። “ስሜን ነው የምትፈልገው” አለ በአማርኛ።

“ምን?” አለች ፌቨን።

“እሳቸው በእኔ ስም ይቀበራሉ። እኔ በእሳቸው ስም እታጠባለሁ።”

ፌቨን ወደ ዲሊኒ ዞረች። “ሁሉም ነገር ሲያልፍስ?”

“ስህተት ነበር እንላለን። በዚህ ጊዜ ብዙ ስህተት ይሠራል።”

“ባያልፍስ?”

ናሆም ወንበሩን ተደግፎ ተነሣና አንጓውን ዘረጋላት። “እንግዲህ ቀብሬ ላይ ብዙ ሰው አይመጣም፤ ሩቅ ነው” አለ። ሊያስቃት ፈልጎ ነው፤ ፌቨን ግን ፊቷን አዞረች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዲሊኒ ሆስፒታሉ ሕመምተኛ በሚያጓጉዝበት ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ናሆምን በአንሶላ ሸፍና ወደ ቤቷ ወሰደችው። በዚያው ብስክሌት አባቷን ወደ ሬሳ ክፍል አደረሰች። አንጓቸው ላይ የናሆም አምባር ነበር። ሬሳ ክፍሉም መብራት ስለሌለው፣ የሞተ ሁሉ በማግሥቱ ይቀበራል።

ሰኞ ጠዋት ፌቨን ለምዝገባ ቀረበች። ጸሐፊው ጠረጴዛውን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አውጥቷል። ትሑት ወጣት ነው፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው።

“ሟቹ ምንዎ ናቸው?”

“ባለቤቴ።”

“ሲያርፉ አጠገባቸው ነበሩ?”

“ነበርኩ።”

“የመጨረሻ ቃላቸው ምን ነበር? ይቅርታ፣ ቅጹ ይጠይቃል።”

ፌቨን ይህን አላሰበችበትም። የዚያን ዕለት ጠዋት ከዲሊኒ ቤት ስትወጣ፣ ናሆም ማሽኑ ላይ ተጋድሞ ያላት ትዝ አላት። “ፀሐዩ ሳይበረታ ሂጂ፣ አለኝ።”

ጸሐፊው በጥንቃቄ ጻፈው። “ጥሩ ሰው ነበሩ” አለና የምትፈርምበትን ቦታ አሳያት።

የእንግዶች መቃብር ከከተማው ውጭ፣ የጨው ማምረቻው አጠገብ ነው። የዚያን ቀን ስድስት ሣጥን ነበር። ለሁሉም አንድ ረጅም ጉድጓድ ተቆፍሯል። ሌሎቹን የሚሸኝ ሰው አልመጣም፤ ፌቨን ብቻ ነበረች፣ ሁለት ወታደሮች፣ ቆፋሪዎቹ፣ እና በሆስፒታሉ ስም መዝገብ ይዛ የቆመችው ዲሊኒ። ዲሊኒ የደንብ ልብሷን ለብሳለች። ለማታውቀው እንግዳ ሰው የምታለቅስበት ምክንያት የላትም። ከንፈሯን ነክሳ መዝገቡን ታያለች።

አራተኛው ሣጥን ሲወርድ ዲሊኒ ገጽ የምትገልጥ መስላ ጠጋ አለች። “ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው” አለች በሹክሹክታ።

ፌቨን ገባት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ማንም በማይሰማው በአማርኛ። “ልጅህን ብስክሌት ያስተማርከው! ወዴት ነው የምትሄደው?”

“እናቴን ተቆጥቷት አያውቅም።”

“ሚስትህን ክፉ ያልተናገርካት! ማን ልበልህ? በማን ስም ልጥራህ?”

“መጀመሪያ መብራት ያስገባው ለድሆች ሰፈር ነው።”

“በሰው ቤት ሁሉ መብራት ያስገባህ! ለአንተ እንዴት ጨለመብህ?”

ደረቷን መታች። ወታደሮቹ ፊታቸውን መለሱ። የሆነ ቦታ ላይ ልቅሶው እውነተኛ ሆነ፤ ለእሳቸው ይሁን፣ ለናሆም ይሁን፣ ምድር ቤት ውስጥ ለቀዘቀዘው ለቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ይሁን ራሷም አታውቅም። አፈሩ ሲመለስ ዲሊኒ መዝገቡን ዘግታ ሄደች። ከዚያች ቀን በኋላ ፌቨንን “እህቴ” ነው የምትላት።

በራዋን ቤት ኑሮ መልክ ያዘ። ናሆም የሟቹን ሸሚዝ ለብሶ፣ የሟቹን አምባር አስሮ፣ በሟቹ አልጋ ላይ ይተኛል። እብጠቱ ጎደለ፤ ትንፋሹ ተስተካከለ። ሐሙስ ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል። በሩ ላይ ሆኖ አምባሩን በመሣሪያው ያነባል። “ራዋን?” ይላል። ናሆም አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሽማግሌው ምላሳቸው ተሳስሯል ብላ ዲሊኒ አስመዝግባለች። የዲሊኒ እናት ሁልጊዜ ከመኝታው እግር በኩል ትቀመጣለች። ከናሆም ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። አንድ ቀን ግን ፀጉሩን በባሏ ማበጠሪያ አበጠረችለት፤ እሱም ዝም ብሎ ተበጠረላት።

መጋረጃ ደርበው ቢጋርዱም ብርሃኑ ከውጭ ይታያል። በመጀመሪያ ጎረቤቶች ስልክ ለመሙላት መጡ፤ ዲሊኒ ስልኩን በር ላይ እየተቀበለች ሰዎቹን መለሰቻቸው። በሁለተኛው ሳምንት ከፊት ለፊት የሚኖረው ልብስ ሰፊ፣ “ራዋንን ልጠይቅ” ብሎ ማንም ሳይከለክለው ዘልቆ ገባ። ናሆም ማሽኑ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊው ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከኪሱ ያለቀ ባትሪ አውጥቶ እንዲሞሉለት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። በማግሥቱ ሁለት ባትሪ ይዞ መጣ። በሳምንቱ ስድስት። ስላየው ነገር አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም።

አንድ ቀን ፌቨን ከማድ ቤት ሆና “ናሆሜ!” ብላ ተጣራች። አልመለሰም። ብቅ ብላ ስታየው መስኮቱን እያየ ነው፤ እንቅልፍም አልወሰደው። ጠጋ ብላ ትከሻውን ስትነካው ደነገጠ። “ማን እንደተጠራ አልገባኝም” አለ።

በሃያኛው ቀን ለውጭ ሰዎች ስልክ ተፈቀደ። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ነው፤ አንድ መኮንን በትርጉም መሣሪያ ከጎን ሆኖ ያዳምጣል። ፌቨን ሐዋሳ ያለችው ልጃቸው ሀሴት ጋ ደወለች። ሀሴት ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ስልኩን ያነሣችው በጩኸት ነው።

“እማዬ! እማዬ፣ አባዬን!” ከኋላዋ ብዙ ሰው ያለቅሳል። የሞት ወረቀቱ ከካሊማራ ወደ ዜጎች ድጋፍ ማዕከል፣ ከማዕከሉ ወደ ቀበሌ በራሱ ጊዜ ሄዷል። ድንኳን ተተክሎ፣ የአውቶቡስ ሾፌሮቹ ሁሉ መጥተው፣ ሦስት ቀን ተቀምጠው ነበር። አሁን ደግሞ ዘመድ ከሩቅ እየደረሰ ነው።

ፌቨን መኮንኑን አየችው። የመሣሪያው ትንሽ መብራት ቃል በተናገረች ቁጥር ብልጭ ይላል።

“ሀሴትዬ፣ ስሚኝ። አታልቅሺ። አባትሽ አልሞተም።”

“እማዬ…”

“አልሞተም እልሻለሁ። ደህና ቦታ ነው ያለው። አይቸገርም፣ ሕመሙም ቀሎለታል።”

ሀሴት ልቅሶዋን ገታች። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ “አዎ እማዬ” አለች። “እኔም እንደዚያ ነው የማምነው። አሁን ማረፊያው ነው። አንቺ ብቻ በሰላም ነዪ።”

መኮንኑ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። መስመሩ ተቋረጠ።

የውጭ ሰዎችን የሚያወጣ አውሮፕላን እንደሚመጣ የተነገረው በዚያ ሳምንት ነው። ዓርብ ይነሣል። በዝርዝሩ ላይ ስሟ አለ፦ “ፌቨን ጌታሁን፣ የሟች ባለቤት።” አልሄድም አለች። ናሆም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ።

“እዚህ ሆነሽ ምን ታደርጊልኛለሽ? አገር ቤት ግን ሰው አለሽ። ቢሮ ለቢሮ ዞረሽ በሕይወት አለ በያቸው። እኔን የሚያውቅ ሰው ከዚህ አገር ውጭ ከሌለ ራዋን ሆኜ ነው የምቀረው።”

“ከሄድኩ በኋላ የሆነ ነገር ቢመጣስ?”

“ዲሊኒ አለች።”

ዓርብ ጠዋት ተሳስመው ተለያዩ። ናሆም እስከ በሩ እንኳ ሊሸኛት አልቻለም፤ ልብስ ሰፊው ደጁ ላይ ቆሞ ነበር።

አየር ማረፊያው ከሐሙስ ጀምሮ መብራት አግኝቷል። ነጭ ብርሃን፣ ቀዝቃዛ አየር፤ ሰዉ ጨለማ ለምዶ ስለነበር ዓይኑን ይጨፍናል። ፌቨን ሰልፉ ላይ ሳለች በትልቁ ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ ድምፅ በእንግሊዝኛም ደገመው። የደረጃ ማሻሻያ ተደርጓል። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ሁሉ ከደረጃ አንድ ወደ ደረጃ አምስት ይወርዳሉ።

ራዋን ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር።

ፌቨን መጀመሪያ እንደ ሂሳብ ነው ያሰበችው። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ከዚያ ሰልፉን ጥላ ወደ ተጓዦች መመዝገቢያ ጠረጴዛ ሄደች። የተቀመጠችው ሴት በዕድሜ የእሷ እኩያ ናት።

“ባለቤቴ አልሞተም” አለች ፌቨን። “ወረቀቱ ስህተት ነው። በሕይወት አለ፤ ከእኔ ጋር መሄድ አለበት።”

ሴትየዋ ስሟን ፈልጋ አነበበች። ተነሥታ ውሃ ቀዳችላት። “ይቀመጡ። የእኔም ባለቤት ሲሞት ስድስት ወር በር ይከፍታል ብዬ ጠብቄያለሁ።”

“ሐዘን አይደለም። ትናንት ራት አብረን በልተናል።”

ሴትየዋ አየቻት፤ አሁን በሌላ ዓይን ነው። ብዕሯን አነሣች። “እሺ። አድራሻውን ይንገሩኝ። አሁኑኑ ሰው እንልካለን።”

ፌቨን አፏን ከፈተች። አድራሻውን በቃሏ ታውቀዋለች። ሰው ይላካል፤ ናሆምን ያገኙታል። ደረጃ ስድስት ነው፤ ወዴት እንደሚወስዱት የሚያውቅ የለም። ዲሊኒ ትታሠራለች። ማቀዝቀዣው ይጠፋል። ያቺ ዝምተኛ አሮጊት እናቷ…

“አድራሻው?” አለች ሴትየዋ፣ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ እንደቆመ።

“ይቅርታ” አለች ፌቨን። “ሐዘኑ ነው።”

ሴትየዋ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ፊቷ ላይ እፎይታ ይታያል። “ወደ አውሮፕላኑ በዚህ በኩል ነው።”

ፌቨን ሻንጣዋን አነሣችና በዚያኛው በኩል፣ ወደ ከተማው በሚያወጣው በር አመራች። “ከዚህ ከወጡ መመለስ የለም!” አለ ዘበኛው። አልፋው ወጣች። ሙቀቱ ፊቷን መታት። ሻንጣዋን መንገድ ላይ ጥላ አሥራ አራት ኪሎ ሜትሩን በእግሯ ተጓዘች።

ቤት ስትደርስ ዲሊኒ የደረጃውን ለውጥ ሰምታለች። ናሆም አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። “ለምን ተመለስሽ?” አላት፤ ግን እጁ እጇን ሲፈልግ አየች።

“ከሰኞ በኋላ እዚህ ብትቆይ ትሞታለህ” አለችው። “ሌላ ቦታ እንፈልግ።”

ዲሊኒ አንድ ወሬ ነበራት። ከባሕሩ ማዶ፣ በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ርቃ፣ ታልፓ የምትባል ደሴት አለች። የካሊማራ ደረጃ እዚያ አይሠራም፤ ትንሿ ሆስፒታላቸው የራሷ የፀሐይ ኃይልና አንድ የእጥበት ማሽን አላት ይባላል። ዓሣ አጥማጆች ሰው ያሻግራሉ። “አይቶ የነገረኝ ሰው የለም” አለች። “ወሬ ነው።”

“እናትሽስ?” አለች ፌቨን።

“ሸክላ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሬያለሁ፤ መድኃኒቱን ያቀዘቅዘዋል። ለጥቂት ቀን ይሆናል። የእኔን ለእኔ ተዉት።”

እሑድ ጠዋት ናሆም ለመጨረሻ ጊዜ በማሽኑ ታጠበ። ዲሊኒ አምባሩን በመቀስ ቆረጠችው። የአባቷን ሸሚዝ ሊያወልቅ ሲል ከለከለችው። “ልበሰው። ባሕር ላይ ይበርዳል” አለችና ድንገት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ለአባቷ ያለቀሰችው ያኔ ነው። ናሆም ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ “አይዞሽ፣ ልጄ” ይላት ነበር በአማርኛ።

ጀልባዋ በስድስት ሰዓት ተነሣች። አሥራ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ከየአገሩ ናቸው። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደሴቷ ታየች፤ ወደቧ ላይ ሰዎች ተሰብስበዋል። ጀልባዋ ስትጠጋ ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰውዬ ወደ ጫፉ ወጣ።

“እዚያው ቁሙ!” አለ በእንግሊዝኛ። “የታመመ አለ?”

ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ናሆም የፌቨንን ትከሻ ተደግፎ ቆመ።

“እኔ አለሁ። ናሆም ታምራት እባላለሁ። ኩላሊቴ አይሠራም።”

“ስም አልጠየቅኩም” አለ ሰውዬው። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ የደከመ ነው። “ከትናንት ወዲያ ሌሎች መጥተዋል፤ ከዚያም በፊት መጥተዋል። መብራት ያለን በቀን አራት ሰዓት ነው፤ ለሆስፒታሉም፣ ለውሃውም፣ ለሁሉም። ያንተ ማሽን ስንት ሰዓት ይፈልጋል?”

ናሆም ፌቨንን አያት። መዋሸት ይቻል ነበር።

“አራት” አለ።

ሰውዬው ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረገ። ዞሮ ከኋላው የቆሙትን ሰዎች አየ። ሕፃን የታቀፈች ሴት አለች፤ በክራንች የቆመ ሽማግሌ አለ፤ ነጭ ካፖርት የለበሰች ልጅ አለች። እርስ በርስ ሲነጋገሩ ቃሉ አይሰማም፤ እጃቸው ሲወራጭ ብቻ ይታያል። አንዱ ወደ ባሕሩ ይጠቁማል፤ ሌላዋ ራሷን ትነቀንቃለች። ማዕበሉ ጀልባዋን ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይገፋት ጀመር። ፌቨን በእሷና በወደቡ መካከል ያለው ውሃ ሲሰፋ አየች።

በዚያን ጊዜ ከሰዎቹ መካከል ገመድ ተወረወረ። ማን እንደወረወረው አላየችም። ጫፉ ውሃው ላይ ወደቀ። ፌቨን ከወገቧ በላይ ከጀልባዋ ወጥታ ተንጠራራች፤ ናሆም ቀሚሷን ጨምድዶ ያዛት። በሁለተኛው ሙከራ ገመዱን ያዘችው።